ቦርሳ ያረፈበት ጋቢና

[ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ የሰሊጥ እርሻ። ሰሊጡ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል። በእርሻው መሐል በሚያልፈው የትራክተር መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ቆማለች። ከአፍንጫዋ ሥር የእርሻው መካኒክ ደረበ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲፈታና ሲያስር ጀርባው ብቻ ይታያል። ወንድማገኝ ለነጋዴዎች የጉምሩክ ወረቀት እያስጨረሰ የሚኖር የመተማ ዮሐንስ ትራንዚተር ነው፤ ጥቁር ቦርሳ በብብቱ ሸጉጧል። ቢሆነኝ ከጎጃም ሰሊጥ ሊያጭድ መጥቶ እዚያው የቀረ የእርሻው ዘበኛ ነው፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል።]

ወንድማገኝ፦ ሦስት ነው አልኩህ!

ቢሆነኝ፦ አራት ነው ጌታው።

ወንድማገኝ፦ እስቲ ቁጠር። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት። ስንት ሆነ?

ቢሆነኝ፦ ሦስት።

ወንድማገኝ፦ አራተኛውስ የታለ?

ቢሆነኝ፦ [በዱላው እያመለከተ] ያውና።

ወንድማገኝ፦ ያ ደረበ የተቀመጠበት የትራክተር ጎማ ነው!

ቢሆነኝ፦ ጎማ ቁጠር አሉኝ፤ ያለውን ጎማ ቆጠርኩ። የማን ጎማ እንደሆነ መች ነገሩኝ?

ወንድማገኝ፦ የአውሮፕላኗን ነዋ! እግዚኦ! [ከቦርሳው ወረቀት ያወጣል] አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ቅጽ፣ ስሞላ ኖሬያለሁ። እኔ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። አሥራ ስምንት ጎማ ከሆነ ተሳቢ አለው። ስድስት ከሆነ አይሱዙ ነው። ሦስት ከሆነስ?

ቢሆነኝ፦ አንዱ ፈንድቶበታል።

ወንድማገኝ፦ ባጃጅ ነው!

ቢሆነኝ፦ ይቺ?

ወንድማገኝ፦ ቅጹ የሚለው እንደዚያ ነው። ባለ ሦስት እግር፣ ባጃጅ። ቅጹ ላይ የሌለ ነገር አገር ውስጥ የለም።

ቢሆነኝ፦ ክንፍ አላት እኮ ጌታው።

ወንድማገኝ፦ በግራና በቀኝ ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ስፖኪዮ ነው።

ቢሆነኝ፦ በዚህ ስፖኪዮ ላይ እኮ ሦስት ሰው ይተኛበታል።

ወንድማገኝ፦ ትልቅ ስፖኪዮ ነዋ። [ይጽፋል] «ባጃጅ፣ ነጭ፣ ስፖኪዮው ከመጠን ያለፈ።» ታርጋዋስ?

ቢሆነኝ፦ ጭራዋ ላይ ተጽፏል።

ወንድማገኝ፦ ጭራ ላይ! በቅሎ ናት? ክላክስ አላት?

ቢሆነኝ፦ ሰማይ ላይ ለማን ትነፋለች?

ወንድማገኝ፦ የለም ብዬ ጻፍኩ። ትርፍ ጎማስ?

ቢሆነኝ፦ …ያውና።

ወንድማገኝ፦ [ደረበ የተቀመጠበትን ጎማ ለአፍታ ያያል] እሺ። ትርፍ ጎማ፣ አንድ።

ቢሆነኝ፦ አራት ነው ስልዎ።

ወንድማገኝ፦ ዝም በል!

ቢሆነኝ፦ ጌታው፣ ይኼን ሁሉ ከሚደክሙ… ጠዋት እኮ ሰዎች መጥተው…

ወንድማገኝ፦ ጠዋት እኔ ነበርኩ?

ቢሆነኝ፦ አልነበሩም።

ወንድማገኝ፦ እኔ በሌለሁበት የተደረገ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ባለቤቷ ማን ነው?

ቢሆነኝ፦ አብዱልሀኪም ይባላል፤ የሱዳን ነጋዴ ነው። ያውና፣ የሠራተኛው ካምቦ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣው። ባለቤቱም እሱ፣ ነጂውም እሱ።

ወንድማገኝ፦ ረዳቱስ?

ቢሆነኝ፦ ረዳት የለውም።

ወንድማገኝ፦ [ራሱን ይይዛል] ያለ ረዳት! ዳገት ላይ ቢቆምበት ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገባለት ማን ነው?

ቢሆነኝ፦ ሰማይ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል?

ወንድማገኝ፦ ለዚህ ነዋ የወደቀው!

ቢሆነኝ፦ አልወደቀም፣ አረፈ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ፣ ከእኛ ማሽላ በላይ ሲደርስ የዘይት ቱቦ ለቀቀበት። ዘይቱ መስተዋቱን ሸፈነው። ይቺን መንገድ ሲያይ ቁልቁል መጣ። ደረበ የትራክተር ቱቦ ቆርጦ እያሰረለት ነው።

ወንድማገኝ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወደ ፖርት ሱዳን? ከአገር ሊወጣ?

ቢሆነኝ፦ አዎን።

ወንድማገኝ፦ [ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል] ስማኝ ቢሆነኝ። አንተ ሰሊጥ ጠባቂ ነህ፤ ምን አጠገብ እንደቆምክ አታውቅም። ነገ የፈቃድ እድሳት የመጨረሻ ቀን ነው። ከነማኅተሜ፣ ከነፈቃዴ ቢሮ ካልቀረብኩ ተሰረዝኩ ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሥራ ያልሠራ አይታደስም ብለዋል።

ቢሆነኝ፦ እርስዎ ሥራ አልሠሩም?

ወንድማገኝ፦ ሠርቻለሁ! ግን ኪዳን የሚሉት ትራንዚተር ደንበኞቼን አንድ በአንድ ለቀመብኝ። እንግዲህ ነገ እሱ የአይሱዙ ፋይል ተሸክሞ ተሰልፏል። እኔ እገባለሁ። አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣል አደርጋለሁ። ምን የምትል ይመስልሃል? «አውሮፕላን»!

ቢሆነኝ፦ «ባጃጅ» ብለው ጽፈዋል እኮ።

ወንድማገኝ፦ [ወረቀቱን ያያል] …በቃል አስረዳለሁ።

ቢሆነኝ፦ ደግሞም ጌታው፣ ባጃጅ ከከተማ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ባጃጅ ከሆነች እንዴት ፖርት ሱዳን ትሄዳለች?

ወንድማገኝ፦ የባጃጅ ማኅበር ደብዳቤ ይጽፍላታል።

ቢሆነኝ፦ ማኅበርተኛ ሳትሆን?

ወንድማገኝ፦ ትመዝገባ! ስንት ሰው ትጭናለች?

ቢሆነኝ፦ ከነጂው ሌላ አንድ።

ወንድማገኝ፦ ባጃጅ ሦስት ነው የሚጭነው። ሳትሞላ ደግሞ ተራ አስከባሪው አይለቃትም። ሁለት ሰው ፈልግ።

ቢሆነኝ፦ ፖርት ሱዳን የሚሄድ?

ወንድማገኝ፦ መንገድ ላይ ይወርዳሉ።

ቢሆነኝ፦ [ወደ ሰማይ ያያል] እንዴት አድርገው ነው የሚወርዱት?

ወንድማገኝ፦ የወራጅ ነገር የረዳት ሥራ ነው፣ ረዳት የለውም አልከኝ፤ እኔን ምን ታደርገኛለህ? አሁን አሠራሩን ልንገርህ፣ በደንብ አዳምጥ። ከዚህ አገር የሚወጣ ነገር ሁሉ መተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ በተዘረጋው ገመድ ሥር ያልፋል። ሰሊጥ ያልፋል። በርበሬ ያልፋል። ሹም ቢሆን እንኳ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

ቢሆነኝ፦ ግሪሳስ?

ወንድማገኝ፦ የምን ግሪሳ?

ቢሆነኝ፦ ወፉ። በየዓመቱ ደመና ሆኖ ከወዲያ ማዶ ይመጣል፤ ማሽላችንን ይጨርስና ይመለሳል። ለእሱ ወረቀት የሚያስጨርስለት ማን ነው?

ወንድማገኝ፦ ግሪሳ በልቶ ነው የሚሄደው፤ ይዞ አይወጣም። ሕጉ የሚይዘው ይዞ የሚወጣውን ነው።

ቢሆነኝ፦ በሆዱ ይዞ ይወጣ የለም?

ወንድማገኝ፦ ሆድ አይፈተሽም! ሆድ የሚፈተሽ ቢሆን ስንቱ ከወንበሩ በተነሣ ነበር! [አፉን በእጁ ይሸፍናል] ይኼን እኔ አላልኩም።

ቢሆነኝ፦ እኔም አልሰማሁም።

ወንድማገኝ፦ ስለዚህ ይቺን በትራክተር ጎትተን ገመዱ ጋ እንወስዳታለን። ወረፋ አለ። ትናንት ስቆጥር መቶ ስልሳ መኪና ቆሟል። እሷ መቶ ስልሳ አንደኛ ትሆናለች።

ቢሆነኝ፦ በላያቸው ብታልፍስ?

ወንድማገኝ፦ ወረፋ መዝለል! ይኼው፣ አገሩን ያጠፋው አንተን የመሰለ ነው።

ቢሆነኝ፦ እሺ ትሰለፍ። ግን እዚያ ገመዱ ጋ በግራም ሻይ ቤት ነው፣ በቀኝም ሻይ ቤት ነው። ስፖኪዮዋ አያልፍም።

ወንድማገኝ፦ ይወልቃላ!

ቢሆነኝ፦ ክንፏ?

ወንድማገኝ፦ ክንፉ ለብቻው አይሱዙ ላይ ይጫናል፤ ለብቻው ወረቀት ይሠራለታል፤ «ቆርቆሮ» ተብሎ ያልፋል። ሞተሩ «የውኃ ፓምፕ» ተብሎ ይከተላል። ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ገላባት ላይ ይገጣጠማል።

ቢሆነኝ፦ ከዚያ በኋላ ትበራለች?

ወንድማገኝ፦ መብረሯ የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ሥራ ማሳለፍ ነው።

ቢሆነኝ፦ ሲስተም የለም ቢሉስ? ባለፈው የትራክተራችን መለዋወጫ ሲስተም የለም ተብሎ ዘጠኝ ቀን ቆሟል።

ወንድማገኝ፦ አንተ ሲስተም የለም ስትባል ምን ታደርጋለህ?

ቢሆነኝ፦ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ወንድማገኝ፦ ተራ ሰውና ትራንዚተር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እኔ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ቢሆነኝ፦ ጌታው፣ ሰውዬውን ግን ለምን አይጠይቁትም? ወረቀት አለው። ጠዋት ሲያሳይ…

ወንድማገኝ፦ ነጂ ይጠየቃል እንዴ? ነጂ ሁሉ ወረቀት አለኝ ነው የሚለው። ሐኪም በሽተኛውን «ምንህን ልቁረጥ?» ብሎ ይጠይቃል?

ቢሆነኝ፦ የቱ ጋ እንደሚያመው ግን ይጠይቃል።

ወንድማገኝ፦ [አልሰማውም፤ የአውሮፕላኗን በር ከፍቶ ቦርሳውን ከነጂው ወንበር ኋላ አደላድሎ ያስቀምጣል] ከላስ፣ አለቀ! ያዝኳት።

ቢሆነኝ፦ ኧረ ጌታው! ምንም ነገር እንዳይገባባት ተብሏል!

ወንድማገኝ፦ ማን ነው ያለው?

ቢሆነኝ፦ ጠዋት የመጡት…

ወንድማገኝ፦ አሁንም ጠዋት! አንተ ሰው ከሰዓት በኋላ የለህም? ይኼ የመተማ ትራንዚተሮች ደንብ ነው። ቦርሳህ ያረፈበትን ጋቢና ሌላ ትራንዚተር አይነካውም። በግህን ቀለም እንደ መቀባት ነው። ባለፈው ወር ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ውኃ ልጠጣ ዞር ባልኩ ጊዜ ኪዳን አይሱዙዬን ነጠቀኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ መጀመሪያ ቦርሳ፣ ከዚያ ሰላምታ ነኝ።

ቢሆነኝ፦ ውስጡ ምን አለ?

ወንድማገኝ፦ እኔ ራሴ ነኝ ያለሁት! ማኅተሜ፣ ፈቃዴ፣ መታወቂያዬ፣ የነጋዴዎች ውክልና፣ ስልኬም ጭምር፤ ባትሪው አልቆ። ያለዚያች ቦርሳ እኔ ማን ነኝ?

ቢሆነኝ፦ ማን ነዎት?

ወንድማገኝ፦ ማንም!

ቢሆነኝ፦ ታዲያ አውሮፕላኗ ቦርሳውን ይዛ ብትሄድስ?

ወንድማገኝ፦ [ይስቃል] የት? አሥራ ሁለት ዓመት ስንት ጋቢና ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሁሉም ገመዱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጠብቆኛል። ገመድ እያለ ቦርሳ አይጠፋም።

ቢሆነኝ፦ ላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ገመድ አለ?

ወንድማገኝ፦ ገመድ የሌለበት ድንበር የለም! ለመሆኑ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ቢሆነኝ፦ ሌላ ሰው የሚሠራው ነገር ነው።

ወንድማገኝ፦ አይደለም! ያልተመዘገበ ዕቃ ድንበር ሲሻገር ኮንትሮባንድ ነው። የራስህ ዕቃ ቢሆንም። አንዲት ብዕር ብትሆንም። አላወቅሁም ብሎ ነገር የለም፤ ስንቱ «አላወቅሁም» እያለ ሲጋዝ አይቻለሁ።

ቢሆነኝ፦ ለማያውቅ ሰው ምሕረት የለም?

ወንድማገኝ፦ በተለይ ለማያውቅ ሰው የለም!

[ደረበ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ወደ ካምቦው አውራ ጣቱን ያሳያል። ከዚያ በኩል በዓረብኛ «ተማም! ተማም!»፣ መልካም ነው፣ የሚል ደስ ያለው ድምፅ ይሰማል። አብዱልሀኪም በፈጣን እርምጃ መጥቶ የደረበን እጅ ጨብጦ፣ ለሁሉም እጁን አውለብልቦ ወደ አውሮፕላኗ ይገባል። ወንድማገኝ ጀርባውን ሰጥቶ፣ የሰሊጡ ክምር ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ይጽፋል።]

ቢሆነኝ፦ ጌታው፣ ሰውዬው ገባ።

ወንድማገኝ፦ ይግባ።

ቢሆነኝ፦ በሩን ዘጋ።

ወንድማገኝ፦ ይዝጋ፤ አቧራ ነው።

[ሞተሩ ይነሣል።]

ቢሆነኝ፦ [እየጮኸ] አስነሣት!

ወንድማገኝ፦ [እየጮኸ፣ ሳይዞር] ነጂ ሁሉ እንዲህ ነው! ሞተር አስነሥቶ ያስቸኩላል! አትደንግጥ፣ ቦርሳዬ ጋቢናው ውስጥ ናት!

ቢሆነኝ፦ እኔም የምልዎ እሱን ነው! ቦርሳዎ ጋቢናው ውስጥ ናት!

ወንድማገኝ፦ ስለዚህ አይሄድም!

ቢሆነኝ፦ ሄደ እኮ!

ወንድማገኝ፦ ወደ የት?

ቢሆነኝ፦ ወደ ድንበሩ!

ወንድማገኝ፦ ጎበዝ! ወረፋ ሊይዝ ነው። አሠራር የሚያውቅ ነጂ ነው። [ይጽፋል] «የሞተር ቁጥር…» ቢሆነኝ፣ የሞተር ቁጥሯን አንብብልኝ።

ቢሆነኝ፦ አይታየኝም።

ወንድማገኝ፦ ቀረብ በላ!

ቢሆነኝ፦ [አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ] እንዴት አድርጌ?

[ወንድማገኝ ይዞራል። መንገዱ ላይ አቧራና አንድ የትራክተር ጎማ ብቻ ቀርቷል። ቀስ ብሎ ቀና ይላል።]

ወንድማገኝ፦ ቦርሳዬ! ኧረ ቦርሳዬ! ድንጋይ! ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገባ!

ቢሆነኝ፦ ጎማዋ እኮ ከዛፍ በላይ ነው።

ወንድማገኝ፦ ደውልለት!

ቢሆነኝ፦ በምን ቁጥር?

ወንድማገኝ፦ ስልኬን አምጣና… [ኪሱን ይዳብሳል፤ ይቆማል] ስልኬ። ማኅተሜ። ነገ ምን ይዤ ነው የምቀርበው? አሥራ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው በሰማይ የሄደው! ቢሆነኝ፣ ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ማኅተም ነው!

ቢሆነኝ፦ [ከልቡ አዝኖ] እኔም አዘንኩ ጌታው። ስንት ጊዜ ልነግርዎ ብዬ…

ወንድማገኝ፦ ምኑን?

ቢሆነኝ፦ የጠዋቱን።

ወንድማገኝ፦ [በደከመ ድምፅ] ጠዋት ምን ሆነ?

ቢሆነኝ፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የጉምሩክ ሰዎችና ፖሊስ መጥተው ነበር። ሰውዬው የመውጫውን ነገር አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ጨርሶታል። አውሮፕላን ገመድ የለውም ጌታው፤ የሚፈተሸው ከሚነሣበት ነው አሉ። ፓስፖርቱ ተመትቷል፣ ዕቃው ተራ በተራ ተጽፏል። ቆጠሩት፣ ልክ ሆነ። ያረፈው በችግር ስለሆነ ሲጠገንለት ይሂድ ብለው ፈረሙ። ለእኔም አደራ ሰጡኝ፤ «አንዲት ዕቃ እንዳትወርድ፣ አንዲት ዕቃ እንዳትጫን» አሉኝ። [ከኪሱ ስልክ ያወጣል] የተጫነ ካለ ደውል ብለዋል።

ወንድማገኝ፦ ምን ልታደርግ ነው?

ቢሆነኝ፦ ልደውል ነዋ። አደራ ነው።

ወንድማገኝ፦ የራሴ ቦርሳ እኮ ነው!

ቢሆነኝ፦ «የራስህ ዕቃ ቢሆንም» አላሉኝም?

ወንድማገኝ፦ አላወቅሁም እኮ!

ቢሆነኝ፦ እሱንም ብለውኛል። [ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል] አቤት፣ ቢሆነኝ ነኝ፣ ከእርሻው… አዎን፣ በሰላም ተነሣች… ኧረ ተጭኗል። አንድ ጥቁር ቦርሳ። ማኅተም አለው፣ ወረቀት አለው… አልተመዘገበም… ባለቤቱ እዚህ አሉ። የት ይሄዳሉ? መታወቂያም የላቸው። [ያዳምጣል፤ ስልኩን በመዳፉ ይሸፍናል] ጌታው፣ ቦርሳውን ከፖርት ሱዳን አስገብቶ የሚያስጨርስልዎት ትራንዚተር አለዎት ወይ ይላሉ።

[ወንድማገኝ ዝቅ ብሎ አራተኛው ጎማ ላይ ይቀመጣል።]

ወንድማገኝ፦ …የኪዳንን ስልክ ታውቀዋለህ?

ቢሆነኝ፦ አለኝ እንጂ። እሱም ጠዋት መጥቶ ነበር።

ወንድማገኝ፦ ኪዳን? እዚህ? መጥቶ ምን አደረገ?

ቢሆነኝ፦ «ምን ተደረገ?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተመለሰ።